በ9 ወር ክትባት ቀን ስለ ጡታችንም እንጠየቅ

እናት አራስ ሳለች ጠያቂ አይጠፋም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባ ሁሉ «ጡት ያዘ? ወተት ወረደልሽ?» ይላል፤ አጥሚቱም ገንፎውም ይመጣል። አርባው ወይም ሰማንያው ሲያልፍ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ልጁ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ኪሎውና ስለሚበላው ነገር ይሆናል። ጥርሱ የሚበቅለው፣ እናትም በሕመም ትንፋሿን ውጣ የምታጠባው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። «አሁንማ ለመድሽው» ስለሚሏትም አትናገርም።

እናቶች፣ ይህን ነገር ዋጥ ማድረጉ ይብቃን! ሕመሙ ምክንያት አለው፤ አብዛኛውም መላ አለው። መላውን ደግሞ የምታውቀው አንዷ ለማታውቀው ትንገራት።

ለምሳሌ ንክሻው። ልጅ በደንብ እየሳበ ሳለ አይነክስም፤ ምላሱ የታች ጥርሱን ሸፍኖታልና። የሚነክሰው ጠግቦ መጫወት ሲጀምር ወይም እንቅልፍ ሲያዳፋው ነው። ስለዚህ መሳቡን ሲተው ቀድሞ ማላቀቅ ነው። ነክሶ ከያዘም መንጠቅ ቁስል ያተርፋል፤ ትንሿን ጣት በከንፈሩ ጥግ አስገብቶ ድዱን ማስከፈት ይሻላል። በር በተንኳኳ ቁጥር ጡቱን እንደያዘ አንገቱን የሚያዞርም አለ (ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ የማያየው ነገር የለም!)፤ እሱን ጸጥ ባለ ክፍል ማጥባት ነው።

ጠብቶ ከጨረሰ በኋላ የሚያቃጥል፣ ውስጥ ድረስ የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ልጁም አፉ ውስጥ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ከታየ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ፤ አንዱ ብቻ ቢታከም ከሌላው መልሶ ይይዘዋል። ጡት ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ትኩሳት ከመጣ «ዓይን ነው» እያሉ ቀን መቁጠር የለም፤ በዕለቱ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ማጥባቱም አይቋረጥም። ምንም ሳይኖር ጫፉ ድንገት ቢያምስ? የወር አበባ ሊመለስ ይሆናል፣ ወይም እርግዝና። እርግዝና ቢሆንም ልጁን በአንድ ቀን ከጡት መንጠቅ ግድ አይደለም፤ ጤነኛ እርግዝና ላይ ያሉ አብዛኞቹ እናቶች ማጥባት ይችላሉ። ደም የታያት ወይም ከዚህ በፊት ያለ ጊዜዋ የወለደች ግን ሐኪም ታማክር።

አያቶችና አማቶች፣ እናንተንም እንፈልጋችኋለን። «እሬት ቀቢና አስጥይው» ከማለታችሁ በፊት «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» በሏት። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን ይመክራል፤ ማስጣሉ የእናቲቱ ውሳኔ ነው፣ ሕመም ሊወስንላት ግን አይገባም። ድዱ ያበጠን ልጅ «ግግ ነው» ብሎ ወደ ነቃይ መውሰድን በተመለከተ ግን አልለሳለስም። ያ ጥርስ እየመጣ ነው። የሕፃን ድድ በብረት መፈልፈል ወንጀል ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ እምቢ እንበል!

ሥራ ቦታም ጉዳይ አለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እናት ጡቷ ወጥሮ ወደ ቤት ትሮጣለች፤ ልጁ በጠጠረ ጡት ላይ ጫፉን ብቻ ይይዛል፣ ቆዳው ይላጣል። ጥቂት አልባ፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁሩ ክፍል ሲለሰልስ ብታጠባ ይቀላታል፤ ግን ቀን ላይ የምታልብበት በር የሚዘጋ ክፍል ቢኖር ጡቷ እንዲህ ባልወጠረ። የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የእናንተ ቢሮ አለው? ከሌለው አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጠይቅ «ትነጫነጫለች» ይሏታል፤ ሃያ ሴቶች ማመልከቻ ፈርመው ሲያስገቡ ግን መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል። አባቶችም ፈርሙ፤ ልጁ የእናንተም ነው።

አሁን ዋናው ጥሪ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ትልቅ ልጅ የምታጠባ እናት ከጤና ባለሙያ ፊት ትቀመጣለች። ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፤ እሷስ? ወረፋ ላይ ስንቀመጥ ከአጠገባችን ያለችውን «ሲጠባ ያምሻል?» እንበላት። የምታፍር ካለች አብረናት እንግባ። «ሲስተር፣ ሲጠባ ያመኛል፤ አያያዙን ይዩልኝ» እንበል። ሲስተሯ ሥራ ይበዛባታል፣ እናውቃለን፤ በአንድ ጠዋት አሥር እናት ከጠየቀቻት ግን በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ መጠየቅ ትጀምራለች። የሰፈራችንን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አንድ ቀን ቡና ላይ እንጥራት፤ የሚያጠቡ ሁሉ ልጃቸውን ይዘው ይምጡ።

በየዓመቱ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 የጡት ማጥባት ሳምንት ይከበራል። ቀበሌውም ጤና ጣቢያውም ፖስተር ሲለጥፉ ቀድመን ሄደን እንንገራቸው፦ ዘንድሮ ሁለት ጥርስ ያወጣ ልጅም ይኑርበት፣ ከሥሩም «ካመመሽ ነይ» ተብሎ ይጻፍ።