ስለ ተቆረጡት የጨዋታ ክፍሎች

በቴሌቪዥን ከሚታየው አስቂኝ ጨዋታ ሁሉ ተመልካቹ ካየው ይልቅ ያላየው ይበዛል። ተዋንያኑ አንዱን ንግግር ሦስትና አራት ጊዜ ደጋግመው ይጫወቱታል፤ አዘጋጁም ለተሰጠው ሰዓት የሚበቃውን መርጦ የቀረውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ወዴት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ሰው በአገራችን እምብዛም አይገኝምና ዛሬ እኛ ልንጠይቅ ወደድን።

በአሜሪካ አገር ይህ ነገር ለገበያ በቅቷል። «ዘ ኦፊስ» የተባለው ተከታታይ ጨዋታ ለማስታወቂያ ጊዜ ሲባል አንዱ ክፍል በ22 ደቂቃ ያህል ተወስኖ ይታይ ነበር፤ በፈረንጆች ቁጥር ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ግን ፒኮክ የተባለው ድርጅት ከቀድሞው ትራፊ እየጨመረ ያሳያል። የ«አይ ላቭ ሉሲ» የሙከራ ክፍልም በ1951 ተነሥቶ ለሕዝብ ሳይታይ ከቆየ በኋላ፥ አብሮ ከተጫወተው ከፔፒቶ ባልቴት ዘንድ ተገኝቶ በ1990 ታየ። እንግሊዞች ግን እንዲህ አልቀናቸውም። ቢቢሲ የቴፕ ዋጋ ውድ ስለ ነበረ አንዱን ጨዋታ ደምስሶ በላዩ ሌላ ይቀዳበት ነበርና፥ «ዳድስ አርሚ» ከተባለው ጨዋታ የሦስቱ ክፍሎች ሥዕል እንደ ጠፋ ቀረ። ብራና ሲቸግር የቀድሞውን ጽሕፈት ፍቆ በላዩ መጻፍን የሚያውቅ የቤተ ክህነት ተማሪ በዚህ አይደነቅም።

በእኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎች ሕዝቡን አስቀዋል። የአቶ አለባቸው ተካን፥ የአቶ ልመነህ ታደሰን፥ የአቶ ደረጀ ኃይሌንና የአቶ ሀብቴ ምትኩን ጨዋታ፥ ኋላም አቶ ጥላሁን ጉግሳ የደከሙበትን «ቤቶች» የማያውቅ ማን ነው? በአጅባርና በመካነ ሰላም ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ጥቂት በነበረበት ዘመን ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር። የሳይንት ሰው ግን እየሣቀ አንድ ነገር ይከነክነዋል፤ በእንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ባላገር አነጋገሩ የጎጃምም የወሎም አይደለም፥ አዲስ አበባ ላይ የተሰፋ ልብስ ነው እንጂ።

እንግዲህ የተቆረጠው ክፍል የሚጠቅመው በዚህ ነው። ተዋናይ ከጽሑፉ ወጥቶ በገዛ አፉ ሲናገር፥ በልጅነቱ ከእናቱና ከጎረቤቱ የሰማው ቃል ያመልጠዋል። አዘጋጁም ረዘመ ወይም የከተማ ሰው አይገባውም ብሎ ያን ቃል ይቆርጠዋል። መዝገበ ቃላት ለሚያሰናዳ ሰው ከታየው ጨዋታ ይልቅ ይህ ትራፊ ይበልጥበታል። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪ የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር ብዙው ይጣላል፥ በማኅሌት የሚሰማውም የታረመው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጓደኞቹ የሚማሩት ከተጣለው ነው።

«ባለ ሙያው ንቆ የጣለውን ማውጣት ማዋረድ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን የማሳተም መብት ለአመንጪው ሰጥቷልና፥ ያለ ባለቤቱ ወይም ያለ ወራሾቹ ፈቃድ ምንም አይታይ። በግልጽ ለመናገር፥ ከተቆረጠው አብዛኛው አያስቅም፤ መቁረጡም ትክክል ነበር። የምንለምነው እንዲታይ ሳይሆን እንዲጠበቅ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ቴፕ በአቧራና በእርጥበት ይላላል፤ የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ በፈረንጆች ቁጥር በ2016 ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየተዋናዩ ቤት በሣጥን የተቀመጠ ቴፕ ቢኖር፥ ማጫወቻ ሳይጠፋ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ፤ አንዱም ቅጂ በ1936 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለወመዘክር ይሰጥ። በሣጥኑ ላይ የተዋንያኑ ስም፥ የተነሣበት ቀንና ቦታ ይጻፍበት፤ ስም የሌለው ቴፕ ባዶ መስሎ ሌላ ይቀዳበታልና።