ግማሽ መስመር ለጋሽ ጸሐፊ

ባለፈው ሐሙስ የእድራችንን ጸሐፊ ቀበርን። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት እንደ ወጉ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የት እንደተወለዱ፣ ፊደል የት እንደቆጠሩ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት በምን መደብ ተቀጥረው በሒሳብ ሹምነት ጡረታ እንደወጡ፣ የትኛው ልጃቸው በየትኛው የአሜሪካ ግዛት እንደሚኖር ሳይቀር ሰማን። መጨረሻ ላይ አንባቢው «በእድርም ተሳትፎ ነበራቸው» አለና ወረቀቱን አጠፈ።

ተሳትፎ ነበራቸው! ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሰው ምሽታቸውን፣ እሑዳቸውን፣ በኋላም የጡረታ ዘመናቸውን በሙሉ የሰጡት ሥራ ግማሽ መስመር አገኘ። ቤተሰቡን አልወቅስም። ኀዘን ላይ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት የሚጽፈው ወረቀት ነው። የምቆጣው በልማዳችን ነው። ደመወዝ የተከፈለበት ሁሉ ከነዓመተ ምሕረቱ ይዘረዘራል፤ ለጎረቤት በነጻ የተሠራው ግን የወረቀቱ ግርጌ ላይ ቦታ ከተረፈ ይገባል። ቀብሩ ላይ የቆመው ሕዝብ አብዛኛው የመጣው እኮ በዚያ በግርጌው ሥራቸው የተነሳ ነበር።

«እድር የሞት ማኅበር ነው፣ ድንኳንና ንፍሮ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ነው» የሚሉ አሉ፤ ብዙ አልከራከራቸውም። የእነሱ ቤት ለቅሶ የገባ ዕለት አግዳሚውን ማን ተሸክሞ እንዳመጣላቸው ይጠይቁ።

የጸሐፊያችንን ስም የሚጠራ አልነበረም፤ ለትልቁም ለትንሹም ጋሽ ጸሐፊ ነበሩ። የእድር ጸሐፊ ሥራ ምን እንደሆነ የማያውቅ ትውልድ ስለመጣ ልንገራችሁ። ሌሊት ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚንኳኳው የጸሐፊው በር ነው። መዝገቡን ገልጦ ሟቹ ራሱ አባሉ ነው ወይስ ልጅ፣ እናት፣ አማች፣ የቀብር ማስፈጸሚያው ስንት ነው፣ ውዝፍ አለ ወይ ብሎ ያያል። ጥሩምባ ነፊውን ይቀሰቅሳል፤ ንብረት ክፍሉ ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱንና ትሪውን እንዲያወጣ ወረቀት ይጽፋል፤ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩትን ተረኞች ይመድባል። ቀብር ላይ ስም ጠርቶ የቀረውን ይቀጣል። ይህን ሁሉ ጨርሶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራው ላይ ይገኛል። ጋሽ ጸሐፊ ይህን የሚያደርጉት ለሰፈሩ ባለጸጋና ለሰፈሩ ሊስትሮ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነበር።

ደግ ሰው ነበሩ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ የማከብራቸው ግን ደግነታቸው ከደንብ ጋር ስላልተጣላ ነው። ጉሊት የምትቸረችር አንዲት የሰፈራችን እናት መዋጮዋን ለወራት ሳትከፍል ቀረች፤ በደንቡ መሠረት ስሟ ተሰረዘ። ጥቂት ቆይቶ ልጇ ሞተ። ኮሚቴው ሌሊት ተሰብስቦ «ዝም ብለን እንደከፈለች እንቁጠራት» አለ። ጋሽ ጸሐፊ አሻፈረኝ አሉ። ዛሬ ለእሷ ያጠፍነውን ደንብ ነገ ባለመኪናው ለራሱ ያጥፈዋል፣ መዝገብ አንዴ ከዋሸ አያምኑትም አሉ። ጨካኝ ተባሉ፤ የሰደባቸውም ነበር። ከዚያ ከልጆቻቸው ደብተር አንድ ቅጠል ቀድደው ቤት ለቤት ዞሩና መዋጮ ሰበሰቡ። እድሩ አባል ላልሆነም ዕቃ ስለሚያከራይ ድንኳኑንና ወንበሩን በራሳቸው ስም ተከራዩ፤ «ደረሰኙን በእኔ ስም ቁረጡ» ብለው ከኪሳቸው ከፈሉ። ጎህ ሲቀድ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። መዝገቡም አልዋሸም።

ይህ ጥብቅነት ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ እድር በምን እንደሚቆም አልተረዳም። ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 እድርንና እቁብን ከወሰኑ ውጪ አድርጓቸው ነበር፤ በ2011 የተካው አዋጅ ቁጥር 1113ም እንደዚያው ነው ያደረገው። ጥሩ ነው፤ መንግሥት ድንኳናችን ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ነገር ግን ትርጉሙ የሺዎችን ገንዘብ የሚጠብቀው ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና ደንቡ ብቻ ናቸው ማለት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤችአይቪ አዲስ አበባን ሲያጭድ ድንኳናችን የሚታጠፍበት ጊዜ አልነበረውም። የእድሩ የገንዘብ ሣጥን እየተሟጠጠ ሄደ፤ መዋጮ ይጨመር የሚል፣ ወጣት አባል አንቀበል የሚልም ተነሳ። ያኔ የብዙ እድሮች ጭንቀት ይኸው ነበር፤ ተመራማሪው አሉላ ፓንክረስት ከባልደረባቸው ጋር በ1992 ግድም ባሳተሙት ጥናት የእድርን ታሪክ ሲተርኩ ወረርሽኙን በመከላከል ረገድ እድሮች ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓመታዊው ጉባኤ ጋሽ ጸሐፊ ተነሱ፤ ንግግር አላደረጉም። መዝገቡን ገልጠው በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን ዕድሜ ብቻ፣ ስም ሳይጠሩ፣ አንድ በአንድ አነበቡ። ሃያዎቹና ሠላሳዎቹ ሲደጋገሙ የሚያጉረመርመው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ «ለቀብር ከምናስቀምጠው ቀንሰን ለታመመው እንስጥ» አሉ። ክርክሩ ብዙ እሑዶች ፈጀ፤ የሞተበትን ሳይቀብር የሚቀር እድር እንሆናለን ያሉ አዛውንቶች ነበሩ፣ ፍርሃታቸውም እውነተኛ ነበር። በመጨረሻ ደንቡ ተሻሻለ። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለአንዳንድ ቤት እንቁላልና ወተት የገዛው፣ የሐኪም ቤት መጓጓዣ የከፈለው ያ ሣጥን ነው። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ላይ አልተነበበም።

በ2017 ሰፈራችን ካዛንቺስ ሲነሳ አባላቱ ተበተኑ፤ ብዙው ገላን ጉራ ገባ፣ ሌላው ዘመድ ወዳለበት ሄደ። ገንዘቡን ተካፍለን እድሩን እንዝጋ የሚል ሐሳብ መጣ። አይሆንም ያሉት እሳቸው ናቸው። የእያንዳንዱን አባል አዲስ አድራሻና ስልክ በመዝገቡ ከስሙ ጎን ጻፉ፤ የታክሲ መዋጮ የሚባል አዲስ ዓምድ አሰመሩ። ጥሩምባ እዚያ ስለማይሰማ ወጣቶቹ የቴሌግራም ቡድን ከፈቱ፤ እሳቸውም ደገፉት። ሆኖም ሰው ሲሞት መልእክት ተልኳል ብለው አይቀመጡም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ይደውሉ ነበር። አዲሱ ሰፈር ሄደው የጎረቤታቸውን ስም ገና ያላወቁ ሰዎች ሰው ሲሞትባቸው የቀበረላቸው የካዛንቺስ እድር ነው።

መደወል አልኩ እንጂ ባለፉት ዓመታት የሚደውሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። መዝገቡን የሚያነቡላቸው፣ ስልኩን የሚመቱላቸው፣ ሲነግሯቸው የሚጽፉት ባለቤታቸው ናቸው። የቅርብ ዓመታት ገጾችን ያየ ሰው ያውቃል፤ እጅ ጽሑፉ ተቀይሯል። ከዚያም በፊት ቢሆን ኮሚቴው የሚሰበሰበው እኚሁ ባለቤታቸው ሳሎን፣ እሳቸው ባፈሉት ቡና ነበር። ሆኖም የእድር አባልነቱ የተመዘገበው በባል ስም ስለሆነ የእኚህ እናት ስም መዝገቡ ላይ ያለው «ባለቤት» በሚለው ዓምድ ውስጥ ብቻ ነው። ለጋሽ ጸሐፊ ግማሽ መስመር ተሰጠ ብዬ ስናደድ ለእሳቸው ያም እንዳልተሰጠ አየሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስለ ተተኪ ሲወራ ሰማሁ። ኮምፒዩተር የሚችል አንድ ወጣት ታስቧል። ወጣቱ ጨዋ ልጅ ነው፤ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ቢገለብጥልን ደስ ይለኛል። ነገር ግን የትኛዋ መበለት ስልኳ እንደተቀየረ፣ የትኛው ቤት ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው በተለያየ ስም እንደሚከፍሉ፣ ማን በሰው ፊት ውዝፉን እንደማይጠየቅ አያውቅም። እኚህ ሴት ያውቃሉ። ለዚህ ቦታ ከሳቸው የሚቀድም ሰው የለንም። ሐሳቡን አጠገቤ ለተቀመጡ ለአንድ አዛውንት ሳነሳ «የሴቶቹ እድር አለላቸው አይደል» አሉኝ። የሴቶቹ እድር ሥራ ከእኛ ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ወጡን ሠርቶ እንጀራውን የሚያቀርበው እሱ ነው። መዝገቡን ለሚያውቁት አለመስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመተዳደሪያ ደንባችንን አውጥቼ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ጸሐፊ ወንድ ይሁን የሚል ቃል የለውም።

አርባው እስኪወጣ ይህን ማንም እንዳያነሳባቸው እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያው የወር ስብሰባ ግን የምጠቁመው እሳቸውን ነው። ገላን ጉራ ያላችሁም፣ ሌላ ቦታ የገባችሁም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ፤ ለምርጫ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል።