ፓምፑ ምን በደለ?

መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አልነሳም ሲል የመጀመሪያው ተከሳሽ ሁልጊዜ የነዳጅ ፓምፕ ነው። ምስክር አይጠራም፣ ማስረጃ አይቀርብም። «ፓምፑ ነው» ይባላል፣ ይፈታል፣ አዲስ ይገባል፣ ባለቤቱ ይከፍላል። መኪናው ከሳምንት በኋላ እንደገና ሲቆም ደግሞ ተራው የፊልትሮ ይሆናል። ከፊልትሮ ቀጥሎ ኢንጄክተር። አንድም ቀን ግን «ስንት ለካችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም አልጽፍም። ስለ አንዲት አሮጌ ስፖርት መኪና ነው የምጽፈው። ታገሱኝ፣ ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የገንዘባችን ጉዳይም ነው።

መኪናዋ የእኔ ናት፤ ፖርሽ 944፣ እ.ኤ.አ. የ1987 ሥሪት። ፖርሽ ስላችሁ ሀብታም እንዳልመስላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ስገዛት ዋጋዋ ካገለገለ ኮሮላ በታች ነበር። ከፊት ባለ 2.5 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ሞተር አላት፤ የነዳጅ ፓም፟ ግን ኋላ፣ ከታንኩ አጠገብ ነው። ጠዋት ቁልፍ እንደነካኋት ትነሳለች። ሙቀት በበረታ ቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዳኋት በኋላ ትንተባተብና ትጠፋለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሆና ትነሳለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። ፓምፑን ቀየሩ። በአራተኛው ቀን ጠፋች። ፊልትሮውን ቀየሩ። እንደገና ጠፋች። «ኢንጄክተሮቹ ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ከኪሴ 1,150 ዶላር ወጥቷል። «የነዳጁ ግፊት ስንት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። «ጥሩ ነው» አለኝ ሰውየው። «ስንት?» «ጥሩ ነው።» ቁጥር ስጠይቅ ቅጽል ተሰጠኝ።

ሦስተኛዋ መጥፋት 495 አውራ ጎዳና ላይ ነበር፤ ወደ ዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ስንቃረብ፣ መካከለኛው መስመር ላይ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስቴ ከረገጡት በኋላ ይደነድናል። ከኋላዬ የከባድ መኪና ጡሩንባ ይጮሃል። ሴት ልጄ ጎኔ ተቀምጣለች። ዳር እንዴት እንደደረስን እስካሁን በደንብ አላስታውስም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ መካኒክ ካለ፣ «ለአንድ አሮጌ መኪና ይህን ያህል ምን ያናድዳል?» እንዳይለኝ።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን አንድ አዛውንት አማከርኩ። አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመካኒክነት ያሳለፉ ሰው ናቸው።

«ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው?» አሉኝ። «እንደ መብራት ድርግም ትላለች ወይስ እያነቃት ነው?»

«እያነቃት ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ነዳጅ አጥሯታል ማለት ነው። ለምን አጠራት የሚለውን ገና አናውቅም።»

ይቺን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። የካንዴላው እሳት ሲቋረጥ ሞተር ባንዴ ይሞታል፤ ነዳጅ ሲያጥር ግን በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት እስኪያልቅ ይንገታገታል። ጋራዡ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። የተሳሳተው «ነዳጅ አጥሯል» እና «ፓምፑ ሞቷል» አንድ ዓረፍተ ነገር ስለመሰሉት ነው።

ጋሼ ምንም አልፈቱም። ፓምፑ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝበት ሽቦ ላይ ትንሽ አምፖል አስረው፣ አምፖሉን ወደ ውስጥ ስበው ከዳሽቦርዱ ጋር በፕላስተር አጣበቁልኝ። «ፓምፑ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይሄም ይበራል። ከሰፈር ሳትርቅ ንዳት። ስትጠፋ ማን ቀድሞ እንደጠፋ ንገረኝ፤ አምፖሉ ወይስ ሞተሩ?» የጥያቄው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በዚህች መኪና ሞተሩ መዞር ካቆመ ኮምፒውተሯ ራሷ ፓምፑን ታጠፋዋለች። ስለዚህ ከቆመች በኋላ አምፖሉ ጠፍቶ ማየት ምንም አያስረዳም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የሚናገረው።

በሦስተኛው ቀን፣ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስዞር አምፖሉ ጠፋ። ከዚያ ሞተሩ ሁለቴ ሦስቴ ተንገታገተና ተከተለው። ደወልኩላቸው። «ሞተሪኖውን ምታና የዙር መቁጠሪያውን መርፌ እየው» አሉ። መርፌው ተንቀጠቀጠ፤ አምፖሉ ግን አልበራም።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይመስልም። ግን መርፌው ከተንቀሳቀሰ ኮምፒውተሯ ኤሌክትሪክ አላት፣ የሞተሩን ዙር የሚያነበው ሴንሰርም ይሠራል ማለት ነው። ሁለት ተጠርጣሪ ነጻ ወጣ። የቀረው ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው መንገድ ነው። መጥተው ሪሌውን ነቀሉት፣ በሶኬቱ ላይ 30 እና 87ቢ የሚባሉትን ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው ሽቦ አገናኙ። ከኋላ ፓምፑ እዝዝዝ አለ። 

ሪሌውን ከፍተን በማጉያ መነጽር ስናየው፣ አንዱ እግር ከሰሌዳው ጋር በተበየደበት ቦታ ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ዲ.ኤም.ኢ. ሪሌ ይባላል፤ 944 የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው፤ ብዙዎች ትርፍ ሪሌ ከመኪናው አይለያቸውም። አዲሱን ከፓምፑ ዋጋ ሲሶ በማይሞላ ገንዘብ ገዛሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋችም።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ነገር ልምጣ። «ጋሼ፣ ስንት ልክፈል?» ስላቸው «ምን ቀየርኩና!» አሉኝ።

ምን ቀየርኩና! ጋራዡ ጤነኛ ፓምፕ አውጥቶ ሌላ ጤነኛ ፓምፕ አስገብቶ 1,150 ዶላር ወሰደ፤ በሽታውን ያገኙት ሰው ግን ዕቃ ስላልቀየሩ ገንዘብ መቀበል አፈሩ። በግድ፣ ለሠሩበት ሰዓት ጋራዡ በሚያስከፍለው ሒሳብ አስቤ ኪሳቸው ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ቀን ተቀይመውኝ ነበር።

ይህን ልማድ ያስተማርናቸው እኛ ነን። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ፣ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ መርምሮ «ፓምፑ ደህና ነው፣ ሽቦው ነው የላላው» ቢለን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንሄዳለን። በካርቶን የታሸገ ዕቃ ካሳየን ግን ዋጋ ተከራክረንም ቢሆን እንከፍላለን። ለዕውቀት አንከፍልም፤ ለካርቶን እንከፍላለን። ታዲያ መካኒኩ ምን ያድርግ? ልጆች አሉት። ካርቶን ያመጣል።

ስለዚህ ግምቱን በእኛ ገንዘብ የሚሞክረውን ጋራዥ ስወቅስ ራሴንም እወቅሳለሁ። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት «ምን ልግዛ?» ብዬ ነው፤ «ምን እንለካ?» አላልኩም።

«ጊዜ ገንዘብ ነው፤ መቀየር ከመመርመር ይፈጥናል» የሚለኝ አይጠፋም። ይፈጥናል፤ ዕድለኛ ከሆንክ። አሮጌ መኪና ላይ ግን ነዳጅ ከታንክ እስከ ኢንጄክተር የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ አርጅቷል። ፓምፑ ኤሌክትሪክ እያገኘ ነዳጅ ካጠረ፣ የእኔው በሽታ አይደለም፤ ሌላ ምርመራ ይጀመራል። እሱም ቢሆን ውድ አይደለም፤ የግፊት ጌጅና የነዳጅ ጀሪካን ይበቃል። በእኔዋ ዓይነት 944 ላይ ግፊቱ ወደ 2.5 ባር መሆን አለበት። ግን ግፊት ብቻውን ይዋሻል። የውኃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጫን ብትሉት ሩቅ ይረጫል፤ ባልዲው ግን አይሞላም። ታንኩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ በዝገት ከተደፈነ ወይም ጎማው ከተጣጠፈ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጌጁ ጥሩ ያሳያል፤ ዳገት ላይ ስትረግጡት ያንቀዋል። ስለዚህ ወደ ታንክ የሚመለሰውን ነዳጅ ጀሪካን ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ለቅቆ መጠኑን ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ይህን ስታደርጉ ደጅ ላይ ይሁን፣ እሳት ማጥፊያ ከጎናችሁ ይኑር፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አይቅረብ።

ከሁሉ ርካሹ ምርመራ ደግሞ ጆሮ ነው። ስትጠፋ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ሽው ብሎ ከገባና ከዚያ በኋላ ከተነሳች፣ ታንኩ አየር የሚተነፍስበት ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ፓምፑ ባዶ ሲስብ ነው የዋለው። የእንግሊዞቹ ኤምጂቢ ደግሞ ራሱ ይናገራል። የኤስዩ ፓምፑ ቁልፍ ሲከፈት ቲክ ቲክ ብሎ ካርቡሬተሩ ሲሞላ ዝም ማለት አለበት። ዝም ካላለ የሆነ ቦታ አየር ይስባል ወይም ታንኩ ባዶ ነው። ጭራሽ ካልጮኸና በእጅ ሲመቱት ከተነሳ፣ ውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ተበልተዋል። እዚህ ላይ ፓምፑ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። ፓምፕ አይበላሽም አላልኩም፤ ሳይመረመር አይፈረድበት ነው ያልኩት።

«ዛሬ እኮ ኮምፒውተር ያሳያል» የሚሉም አሉ። የእኔዋ መኪና ያ ኮምፒውተር የሚሰካበት ቦታ የላትም፤ አሜሪካ ያንን ሶኬት በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ያስገደደችው ከ1996 ሥሪት ጀምሮ ነው። አዲሶቹም ላይ ቢሆን ኮምፒውተሩ «ነዳጁ ቀጥኗል» ይላል እንጂ «ጎማው ተጣጥፏል» አይልም። ኮዱን አንብቦ ዕቃ የሚያዝዝ ሰው ግምቱን ከጭንቅላቱ ወደ ስክሪን አዛወረው እንጂ አልመረመረም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ይህ የፖርሽ ወሬ ምን አገባን አትበሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ የዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህ ማለት አሁን መንገድ ላይ ያለው የቤንዚን መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ ያረጃል፣ ሁሉም አንድ ቀን እንደ እኔዋ መንገድ ላይ ይቆማል። ያለ በደሉ የተቀየረ ፓምፕ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። በዚህ ጊዜ «እስቲ ቀይረን እንየው» የሚል ጋራዥ በገዛ ገንዘቡ ይሞክር።

የምለው አጭር ነው። ጋራዥ ለምርመራ ለብቻው ያስከፍል፣ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል። በምላሹ የለካውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍልን፤ ግፊት ይህን ያህል፣ መጠን ይህን ያህል፣ ፓምፑ ጋ የደረሰ ቮልት ይህን ያህል። ቁጥር ሳይጽፍ የቀየረው ዕቃ በሽታው ካልሆነ፣ ዕቃውን መልሶ ይውሰድ፣ ገንዘቡን ይመልስ።

ወደ ጋራዡ ሪሌውን ይዤ ተመለስኩ። ስንጥቁን አሳየሁት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ትንሽ አፈረ፣ የእጁን ዋጋ መለሰልኝ። የፓምፑን ግን «ተገጥሟልና አይመለስም» አለኝ። ጤነኛው አሮጌ ፓምፕ አሁን ቤቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። 944 ያለውና ፓምፑ በእርግጥ የሞተበት፣ ለክቶም ያረጋገጠ ሰው ካለ፣ በነጻ ይውሰደው።