ጨፌው ይድረቅ ወይስ ይቆይ?

ለማኅበራችን አባላት በሙሉ፤
አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

እንደሚታወቀው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የምንጩ ጨፌ ጉዳይ ነው። የቀረበው ሐሳብ፣ ከጨፌው የቀረውም ቦታ ባሕር ዛፍ ይተከልበትና ገቢው ለድንኳንና ለወንበር መግዣ ይዋል የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት አባላት ለማኅበሩ አስበው ነው፤ ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ ከጽሕፈት ቤቱ በኩል ያለንን አስተያየት፣ ለድምፅ እጅ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ቢያውቀው ይሻላል ብለን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋታችንን እንናገር። የዛሬ ስድስት ዓመት የጨፌው የላይኛው ጎን ባሕር ዛፍ ሲተከልበት እኛም እጃችንን አውጥተን ደግፈናል። ችግኙንም ተሸክመን ተክለናል። ያኔ «ይህ ረግረግ የእንቁራሪት መጫወቻ ከሚሆን ገንዘብ ያውጣ» ነበር ያልነው። ዛሬ ዛፉ ለአጣና ደርሷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ምንጩን ተመልከቱት። ድሮ በየካቲትና በመጋቢት እንኳ ጀሪካን ደቅኖ ሁለት ቃል ሳይነጋገሩ ይሞላ ነበር። አሁን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ ወረፋ ይዘው ይመሻል። ቄጠማውም ወደ ታች ሸሽቷል። ለእንቁጣጣሽና ለቡና የሚጎዘጎዘው ከደጃችን ይታጨድ ነበር፤ ዛሬ ከገበያ ይገዛል። እንግዲህ በቀኝ እጅ የተቀበልነውን በግራ ስንከፍል ኖረናል ማለት ነው።

አንዳንድ አባላት «ዝናቡ ስላነሰ ነው እንጂ ዛፉ ምን አደረገ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝናብ ሲያንስ ምንጭ ይቀንሳል። ታዲያ ከታች በኩል ያለው ሁለተኛው ምንጭ፣ ጨፌው ያልተነካበት፣ ለምን እንደ ድሮው ይፈሳል? በሁለቱም ላይ የሚዘንበው አንድ ዝናብ ነው። ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ሩቅ አይደለም።

የጨፌ ሥራ እንዲህ ነው። ክረምት የዘነበውን ውኃ እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል፤ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የቄጠማው ሥር አፈሩን ይይዛል፤ ደለሉን ያስቀራል፤ ውኃው ጠርቶ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። በሌላ አገር ሰዎች ረግረግ ማድረቅ ሲፈልጉ ሆነ ብለው ባሕር ዛፍ የተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ደግሞ ሳናውቀው ምንጫችን ላይ አደረግነው። የእኛ የአርጆ ደጋ ውኃ ወደ ደዴሳ፣ ደዴሳም ወደ ዓባይ የሚወርድ ስለሆነ፣ ነገሩ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሌላው የንብና የኑግ ጉዳይ ነው። ወለጋ የኑግ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ኑግ ግን ከራሱ አበባ በሚገኝ ዱቄት ብቻ ፍሬ አይቋጥርም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት ሊመጣለት ይገባል። ይህን የሚያመጣለት በተለይ ንብ ነው። ንብ ከሌለ ማሳው ቢጫ ሆኖ ያምራል እንጂ ዘይቱ አይገኝም። ንብ ደግሞ በኑግ አበባ ብቻ ዓመቱን አይዘልቅም። ኑጉ ሲያልፍ ግራዋው፣ ብሳናው፣ ዋንዛው፣ የጨፌው ዳር አበባ ሁሉ በየወሩ ተራ እየገባ ይመግበዋል። ባሕር ዛፍም ለንብ የሚሆን አበባ አለው። እኛ ግን ለአጣና ብለን ገና በልጅነቱ እየቆረጥነው መቼ ያብባል?

እንዲያው ለነገሩ፣ ይህን ሁሉ ስናስብ የታየን የዕድር ነገር ነው። ዕድር የምንከፍለው ኀዘን በማን ቤት እንደሚገባ ስለማናውቅ ነው። አንዱ ድስት፣ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ገንዘብ ያመጣል፤ የዛሬው ረጂ ነገ ተረጂ ነው። ፍጥረትም እንዲሁ ነው የሚኖረው። ብዙ ዓይነት ዛፍ፣ ብዙ ዓይነት ዘር፣ ብዙ ዓይነት ነፍሳት ያለበት ቦታ በሽታ ወይም ድርቅ ቢመጣ ከመካከላቸው የሚቋቋም አይጠፋም። አንድ ዓይነት ብቻ ያለበት ቦታ አባል የሌለው ዕድር ነው።

ይህም ተራ ወሬ አይደለም። በአየርላንድ አገር ድሀው ሕዝብ የሚኖረው በድንች ነበር፤ ድንቹም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. በሽታ ሲገባ ሁሉንም አንድ ላይ መታው፤ ተከታትሎ በመጣው ረሀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በእኛ አገር ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ታየ። ፍሬውን ገና ለጋ ሳለ እያጠቆረ የሚያረግፍ ክፉ በሽታ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቡና አንድ ዓይነት አልነበረም። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ካልጎዳቸው የቡና ዛፎች እየመረጡ ዘር ወሰዱ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዓይነቶች በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢሉባቦር ከተመረጡት ናቸው፤ 74 የተባለው በዚያ ዓመት ነው። ያ ጫካ ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ከየት ይመረጥ ነበር? ከእኛ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው የያዩ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታን የመቋቋም ባሕርይም የአሜሪካን የካሊፎርኒያ ገበሬዎችን ገብስ ከቫይረስ አድኗል። የእኛ የደጃፍ ዘር ባሕር ተሻግሮ ሰው ሲጠቅም እኛው ንቀን ብንጥለው ያሳፍራል።

የተማሩ ሰዎች ዝግመተ ለውጥ የሚሉት ነገር አለ። እንግሊዛዊው ዳርዊን መጽሐፉን ያወጣው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ባጭሩ፣ የቦታውን ብርድ፣ ዝናብና በሽታ የቻለው ይተርፋል፤ የተረፈው ይወልዳል፤ በብዙ ትውልድ ዘሩ ቦታውን ይመስላል። ገበሬው ስሙን ባያውቀውም ከጥንት ሲሠራበት ኖሯል፤ ከአውድማው ደህናውን መርጦ ለዘር ያስቀምጣል። በጓሯችን ያለው አንጮቴም፣ ለመስቀል የምናቀርበው፣ እናቶቻችን ፍሬውን እየመረጡ ያቆዩልን ነው። በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ዘር በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል። ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር በገበሬው ማሳም መኖር አለበት ብለው የሠሩ ሰው ናቸው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ቶሎ አይጠፋም፤ ግን የዘንድሮውን ዝናብ አያውቀውም። በማሳ ያለው ከዓመት ዓመት ይለማመዳል። ጨፌያችንም እንዲሁ ነው። ስንት ዘመን ከዚህ ቦታ ጋር ተለማምዶ የቆየውን በአንድ ክረምት ማጥፋት ይቻላል፤ መልሶ ማምጣት ግን የእኛ ዕድሜ አይበቃውም።

ባሕር ዛፍን እየረገምን አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቤት ሠርቶልናል፤ ማገዶ ሆኖልናል። እሱ ባይኖር የቀረውን የአገር ዛፍ በሙሉ ለማገዶ በጨረስነው ነበር። ጥፋቱ የዛፉ አይደለም፤ ቦታውን የመረጥን እኛ ነን።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ከጨፌው የቀረው ቦታ እንዳለ ይቆይ፤ ምንም ዓይነት ቦይ አይቆፈርበት።

2ኛ/ በላይኛው ጎን ያለው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ይሸጥ፤ ገንዘቡ እንደታሰበው ለድንኳንና ለወንበር ይዋል። ጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ በዘመቻ እንንቀለው።

3ኛ/ በምንጩ ዙሪያ ዶቅማ፣ ከፍ ብሎ በዳሩ ዋንዛና ብሳና ይተከል። ችግኙን እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ያምጣ።

4ኛ/ ባሕር ዛፍ መትከል የሚፈልግ ኮብልማው ላይ፣ ከምንጭና ከሰው እርሻ ርቆ ይትከል።

5ኛ/ በመስከረምና በጥቅምት ኑግ ሲያብብ የተባይ መድኃኒት በአበባው ላይ አይረጭ። የግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ማታ ይሁን፤ ቀፎ ላላቸው ጎረቤቶችም አስቀድሞ ይነገር።

6ኛ/ ቄጠማው በተራ ይታጨድ፤ ከብት በክረምት አይግባበት።

እኛ የተማርነው ጥቂት ነው፤ ስድስተኛ ክፍልን አልተሻገርንም። ነገር ግን ምንጭ ሲቀንስ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም፤ ጀሪካን የሚሸከሙት ያውቁታል። በመሆኑም በስብሰባው ቀን አባወራዎች ብቻ እንዳትመጡ። ውኃ የሚቀዱት እናቶችና ልጃገረዶች መጥተው ይናገሩ፤ ድምፅ ሲሰጥም እነሱም እጃቸውን ያውጡ። የዛሬ ስድስት ዓመት እነሱን ሳንጠይቅ ነው የወሰንነው። ያ ስሕተት እንዳይደገም በማክበር እናሳስባለን።

ተቃራኒ ሐሳብ ያለው አባል ጽፎ ቢያመጣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንለጥፋለን።

ምንጫችን አይደርቅም! ጨፌያችን ይለምልም!

የማኅበሩ ጸሐፊ
አርጆ