ኳሱን ሳይነካ የሚመራ

በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት ሲቆም መሪጌታው ብቻውን አይዘምርም። ግራ ጌታው በግራ፥ ቀኝ ጌታው በቀኝ ሆነው አንዱ ሲመራ ሌላው ሲቀበል፥ ጸናጽሉና ከበሮው በአንድ ልብ ሲመታ ነው ማኅሌቱ የሚያምረው። መሪጌታውም የሚመሰገነው በድምፁ ማማር ብቻ ሳይሆን፥ ቃል የሳተውን ወጣት ሳያሳፍር ወደ ዜማው በመመለሱ ነው። እንግዲህ ስለ መሪነት መነጋገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዛሬ ግን ምሳሌያችንን የምናመጣው ከቅኔ ማኅሌት ሳይሆን ከጨዋታ ሜዳ ነው። በዚህ የሚደነቅ አንባቢ ቢኖር፥ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በእሽቅድምድም ሜዳ የሚሮጡትን ምሳሌ ማድረጉን ያስታውስ።

የቅርጫት ኳስ ጨዋታን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠሩት ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ መምህር ናቸው። እኚህ ሰው አስቀድመው የሃይማኖት ትምህርት ያጠኑ ነበሩ። በክረምት ብርድ ምክንያት ከቤት ውስጥ ለዋሉት ወጣቶች መልካም ጨዋታ ሲፈልጉ፥ የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርገው ሰቅለው ኳስ እንዲጥሉበት አደረጉ። ዛሬ ጨዋታው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ በየወገኑ አምስት አምስት ሆነው ይጫወቱታል። አሠልጣኙ ግን ከመሥመሩ ውጭ ይቆማል። የሚያውቀውን ሁሉ አስተምሮ ልጆቹን ወደ ሜዳ ከላከ በኋላ፥ ኳሱን በእጁ ሊነካ አይፈቀድለትም።

ይህ የአሠልጣኙ ዕጣ የወላጅም ዕጣ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ፥ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ የመቱና የጎሬ፥ የያዮና የበደሌ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተለይተው ለፈተና ተቀመጡ። አባት ስለ ልጁ ሊመልስለት፥ እናትም ልታስታውሰው አልቻለችም። ውጤቱ ሲነገር፥ በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በተከተለው ዓመትም ቁጥሩ አልተሻለም። ያን ጊዜ በየቤቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ገባ፤ ለወደቀው ልጅ ምን እንበለው? አንዳንዱ ቤት የጎረቤትን ልጅ እየጠራ ልጁን አሳፈረ፤ አንዳንዱ ቤት ለቅሶ እንደ ገባበት ዝም አለ። ይህ ጽሑፋችን የሚመለከተው ያንን ጥያቄ ነው።

ከአሜሪካ የኮሌጅ አሠልጣኞች ሁሉ ስማቸው አብዝቶ የሚነሣው ጆን ዉድን ናቸው። እኚህ ሰው አስቀድመው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1975 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠለጠኑ። በየዓመቱ በልምምዱ መጀመሪያ ለተጫዋቾቻቸው የሚያስተምሩት የኳስ ጥበብ ሳይሆን፥ የካልሲና የጫማ አጠላለቅ ነበር። ካልሲ ከታጠፈ እግር ይልጣል፤ እግሩ የተላጠም መሮጥ አይችልም። ቁመታቸው ሁለት ሜትር የሚደርስ ጎልማሶች በመምህሩ ፊት ተቀምጠው እንደ ሕፃን ጫማ ማሰር ይማሩ ነበር። ይህ ለእኛ ሊያስቀን አይገባም። የኔታም ታላቁን ቅኔ የሚያስጀምሩን በ«ሀ» ነው። በጸሎተ ሐሙስም አባቶቻችን ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር የሚያጥቡት፥ ጌታችን ታላቅነትን ከእግር በታች እንዳሳየን ለማሰብ ነው።

ዉድን የመጀመሪያውን የአገር ዋንጫ ያገኙት በዚያ ዩኒቨርሲቲ በ16ኛው የጨዋታ ዘመናቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ ወሰዱ። የቡና ችግኝ ተክሎ በማግሥቱ ቅርጫት ይዞ ለለቀማ የሚወጣ ገበሬ በኢሉባቦር የለም። ልጅን ግን ዛሬ ተክለን ዛሬ ልንለቅመው የምንቸኩል ብዙዎች ነን።

ትዕግሥተኛ መሆናቸውም ሥርዓትን አላስጣላቸውም። ቢል ዋልተን የተባለው ዝነኛ ተጫዋቻቸው ከቡድኑ ደንብ ውጭ ጠጉሩን አሳድጎ በመጣ ጊዜ፥ ሐሳቡን እንደሚያከብሩለትና ከቡድኑ ሲለይም እንደሚናፍቁት በለሰለሰ ቃል ነገሩት። ልጁም ፈጥኖ ወደ ጠጉር አስተካካይ ሄደ። አንዲት የስድብ ቃል አልወጣችም፤ ደንቡም አልተሻረም።

ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 29 ቀን 1982 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ የጆርጅታውንና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ለአገሪቱ ዋንጫ ተጋጠሙ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንድ ሲቀረው ሰሜን ካሮላይና 63 ለ62 ይመራ ነበር፤ ኳሱ ግን በጆርጅታውን ልጆች እጅ ነበረ። ፍሬድ ብራውን የተባለው ተጫዋች ጓደኛው መስሎት ኳሱን ለተቃራኒው ለጄምስ ዎርዚ አቀበለ። ዋንጫውም በዚያው አመለጠ። ልጁ ያን ስሕተት የሠራው በመላው አገሪቱ ሕዝብ ዓይን ፊት ነው።

የጆርጅታውን አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝሙ፥ ተጫዋቾቻቸውን አጥብቀው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ልጁን አልገሠጹትም፤ በሁሉ ፊት አቀፉት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1984 ጆርጅታውን ዋንጫውን ሲወስድ ፍሬድ ብራውን በቡድኑ ውስጥ ነበረ፤ ያን ጊዜም እንደ ገና ተቃቀፉ። ቶምሰንም ይህን ዋንጫ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆኑ። ልብ እንበል፤ በድሉ ቀን ማቀፍ ለማንም ይቀላል። የሁለተኛውን እቅፍ ያከበረው የመጀመሪያው ነው። ቶምሰን በቢሮአቸው አየሩ የወጣ ኳስ አስቀምጠው፥ ኳስ አንድ ቀን እንደሚተነፍስ፥ ትምህርት ግን እንደሚቀር ለልጆቻቸው ያሳዩበት ነበር። አራቱን ዓመት አብረዋቸው ከቆዩት ተጫዋቾችም ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ተመርቀዋል።

በዚያች ሌሊት ያሸነፉት የሰሜን ካሮላይናው ዲን ስሚዝ የቶምሰን ወዳጅ ነበሩ። እርሳቸውም አንድ መልካም ልማድ አስተምረዋል፤ ኳስ ቅርጫት ውስጥ ያገባ ተጫዋች በጣቱ ወደ አቀበለው ጓደኛው እያመለከተ ምስጋናውን እንዲያካፍል ያዝዙ ነበር። በ2015 ሲያርፉም፥ ለ180 ያህል የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው ለእያንዳንዳቸው 200 ዶላር ለእራት መናዘዛቸው ታወቀ። በእኛም ቤት አንዱ ልጅ ተመርቆ ሥዕሉ ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል፥ እርሱ እንዲያጠና ውሃ የቀዳችው፥ ቡና ያለቀመችውና ከትምህርቷ የቀረችው እኅቱ አለች። ወደ እርስዋ የሚያመለክት ጣት ያስፈልጋል።

ቁጣ ያሠለጥናል የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፤ ማስረጃም አያጣም። የኢንዲያናው ቦቢ ናይት በቁጣቸው የታወቁ ሆነው ሦስት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስደዋል። በ1985 በጨዋታ መካከል ወንበር ወደ ሜዳው ወርውረዋል። ነገር ግን በ2000 ከዩኒቨርሲቲው የተሰናበቱት ስለ መሸነፋቸው ሳይሆን ስለ ጠባያቸው ነው። ቁጣ አንዳንድ ጊዜ ዋንጫ ያመጣል፤ ይህን አንክድም። ወላጅ ግን ልጁን የሚያሳድገው ለዋንጫ ሳይሆን ለሰውነት ነው።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ እንዳይመስለን፥ በአርሲ በቆጂ ከተማ የነበሩትን መምህር ስንታየሁ እሸቱን እናስብ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ልጆችን ሩጫ አስተማሩ። ከእጃቸው ካለፉት ሕፃናት መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፥ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኙ፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ተከተሉ። ደራርቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት። ተማሪዎቹ ዓለምን ሲዞሩ መምህሩ በጠዋት ተነሥተው በዚያችው ትንሽ ከተማ ሌሎች ሕፃናትን ያሠለጥኑ ነበር። እኚህም መምህር ዝነኛውን ሯጭ ተከትለው ከመሄድ፥ ገና ያልታወቀውን ልጅ መጠበቅን መረጡ።

እንግዲህ ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች የምናሳስበው ይህ ነው። ልጃችሁ ከፈተና ወድቆ ሲመጣ መጀመሪያ አቅፉት፤ ስሕተቱን መመርመር በማግሥቱ ይደርሳል። የጎረቤትን ልጅ ስም በዚያ ቀን አታንሡ። ቀጥሎም እንደ ዉድን ከጫማው ጀምሩ፤ በየትኛው ትምህርት እንደ ደከመ፥ ማታ በምን ሰዓት እንደሚያጠናና እንደሚተኛ በጸጥታ ጠይቁት። ከወደቁት መካከል በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፥ እንደ ገናም ተፈትነው መንገዳቸውን ያገኙ አሉ። መንገዱ በሌላ በኩል ቢሆንም፥ እጁን ለሥራ የዘረጋ ልጅ በክብር እንጀራውን ይበላል። የቤቱ ደንብ ግን ይጽና፤ እቅፍ ደንብን አይሽርም። መምህራንም ብንሆን፥ በውጤት መንገሪያው ቀን የመጨረሻውን ልጅ ስም በምን ድምፅ እንደምንጠራ እንጠንቀቅ።

ለጠፋው ልጅ ገና በሩቅ ሳለ ሮጦ የወጣውን አባት ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ያ አባት ልጁን ያቀፈው ሒሳቡን ከመመርመሩ በፊት ነበር። እግዚአብሔር አምላካችን ለወላጆችና ለመምህራን እንዲህ ያለውን ልብ ያድለን፤ ልጆቻችንንም ከወደቁበት ያንሣልን፤ አሜን።