ስንተኛ ወጣህ?

የትምህርት ዘመኑ አብቅቶ ተማሪው ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከደጃፍ የሚቀበለው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። «ምን ተማርህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ደረጃ በካርድ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ የምሰነዝረው አስተያየት ራሴንም ይነካል።

ሰው ራሱን ከሌላው ጋር ማነጻጸሩ ጠባዩ ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ችሎታውን የሚለካበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ፣ እርሱን የሚመስሉትን ሰዎች መለኪያ ያደርጋል። ቁመት በሜትር ይለካል፤ «ጎበዝ ነኝን?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሜትር አልተሠራለትም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ መለኪያው ሰው ከሆነ፣ ሰዎቹ በተለወጡ ቁጥር ልኩም ይለወጣልና።

ከአንድ አነስተኛ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ሲወጣ የኖረን ተማሪ እናስብ። ወደ ከተማ ተዛውሮ ሃያኛ ሲወጣ «ሰንፌአለሁ» ብሎ ያዝናል። ይሁን እንጂ ትናንት ይፈታው የነበረውን ሒሳብ ዛሬም ይፈታዋል፤ የተለወጡት የክፍል ጓደኞቹ እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። በአንጻሩ ከደካሞች መካከል አንደኛ ወጥቶ የሚኩራራው «ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የተባለለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ኸርበርት ማርሽና ኪት ታይ ሃው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በ26 አገሮች የሚገኙ ከ100,000 የሚበልጡ የ15 ዓመት ተማሪዎችን ይመለከታል። ችሎታቸው እኩል ከሆነ ተማሪዎች መካከል፣ ጎበዞች በበዙበት ትምህርት ቤት የሚማሩት ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የጃፓን ተማሪዎችም በዓለም አቀፍ የሒሳብ ፈተና ከቀዳሚዎቹ ተርታ ሲሰለፉ፣ በችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነት ግን ከብዙ አገሮች ተማሪዎች ያነሰ ነው። ራስን ማወደስን የሚነቅፈው ባህላቸው ለዚህ አንድ ምክንያት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ራሱን የሚመዝነው በአጠገቡ ከተቀመጠው ጎበዝ ጋር መሆኑም ሌላው ነው።

«ውድድር ከሌለ ትጋት አይኖርም» የሚሉ አሉ። ንግግራቸው ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በሃምሳ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሁሉም እጥፍ አድርገው ቢያጠኑ እንኳ፣ የመጨረሻውን ደረጃ የሚይዝ አይጠፋም። ትጋትን ከስንፍና የማይለይ ቁጥር ብቻውን እንዴት ዳኛ ይሆናል?

በእኔ አስተያየት፣ በካርዱ ላይ ከደረጃው ይልቅ የተማሪው የዘንድሮ ውጤት ከአምናው ጋር ተነጻጽሮ ጎልቶ ሊታይ ይገባል። እናንተም ተማሪዎች፣ የሚበልጣችሁን ጓደኛ ስታዩ «እንዴት አጥንቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያን ጊዜ ተፎካካሪያችሁ መምህራችሁ ይሆናል። ራሳችሁን ስትመዝኑ ግን ከትናንቱ ማንነታችሁ ጋር መዝኑ።