ጠበል ሲኬድ ክኒኑ ለምን ይጣላል?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ተማሪ ጽሑፍ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አሰላ ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷን ስለ ባህልና ስለ አእምሮ ሕመም አድርጋዋለች። «እማማ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በሽተኛ ሲያዩ የኖሩ ነዎት፤ እስቲ ያንብቡልኝ» ብላ ዲክሲስ ድረስ ይዛልኝ መጣች። አነበብኩት። ጎበዝ ናት፤ የደከመችበት መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም ገና ከመጀመሪያው «ሕመምተኞች ወደ ሕክምና እንዳይመጡ ዋናው እንቅፋት ባህላቸው ነው» ትላለች። እዚህ ላይ አልተስማማንም።

እውነትነት የለውም ማለቴ አይደለም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። አካባቢውን በደንብ የሚያውቁ መቶ ሰዎች መርጠው የሰባት ዓይነት ታማሚ ታሪክ እያቀረቡ ጠየቋቸው። መልሱ ለእኛም አዲስ አይደለም፦ ለሰውነት ሕመም ጤና ጣቢያ፣ ለአእምሮ ሕመም ደግሞ ባህላዊው መንገድ ይሻላል የሚል ነው። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላው ግኝት ነው። ሰዎቹ የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው ብለው በብዛት የጠቀሱት ብዙ ማውራትን፣ ጠበኝነትንና ያልተለመደ ጠባይን ነው። ታዲያ ዝም ብሎ የሚቀመጠውስ? ምግብ ያስጠላት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ከሰው የሸሸች ልጅ ቤት ውስጥ ስትኖር «ጨዋ ናት»፣ ሲብስም «ኩርፊያዋ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ድንጋይ ስላልወረወረች ማንም አሟታል አይልም። እዚህ ላይ ተማሪዋ ልክ ናት።

ቀጥላ ግን ቤተሰብ በሽተኛውን መደበቁንም ባህል ውስጥ ከተተችው። እሱን አልቀበልም። እዚያው ቡታጅራ የጽኑ የአእምሮ ሕመምተኞች ቤተሰቦች ተጠይቀው ከመቶ 75ቱ መገለል እንደሚሰማቸው፣ 37ቱ ደግሞ ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። በአገራችን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል። ሦስት ሴት ልጆች ያሏት እናት የወንድማቸውን መታመም የምትሸሽገው ሕመሙን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ አሳምራ ታውቀዋለች። የሴቶቹ ትዳር እንዳይበላሽ ፈርታ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት «ግንዛቤ የላትም» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ ልጅቷንም እንዲሁ አልኳት።

ደግሞስ ሕክምናው የት ነበር? አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ሐኪም በአእምሮ ሕክምና እዚሁ አገር ስፔሻላይዝ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያን ጊዜ ከአርሲ ደጋ የታወከ ሰው አዲስ አበባ ለማድረስ ሁለት ጉልበተኛ፣ ገመድና የሁሉም የአውቶቡስ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ በሬ የሸጠም አለ። ጠበሉ፣ ሼሁ፣ ቃልቻው ግን ቅርብ ናቸው። እዚሁ አርሲ ውስጥ ፈረቃሳ አለ። ከወሎ መጡ የሚባሉት የሙሚና ስም የሚጠራበት ሥፍራ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በመንፈስ ተይዣለሁ እያለ ይሳለምበታል። እንዲህ ያለ ቦታ የሄደ ሰው ቢያንስ ሰው ያገኛል፤ ቡና ይፈላለታል፤ ሕመሙን ሲያወራ የሚሰማው አለ። እኛ ጤና ጣቢያ ወረፋው ረዝሞብን አምስት ደቂቃ የማንሰጥበት ጊዜ ብዙ ነበር።

እኔ የምጣላው ከጠበሉ ወይም ከዱዓው ጋር አይደለም። የምጣላው «መድኃኒት ከያዝክ አይሠራልህም» ከሚለው ሰው ጋር ነው። በሥራ ዘመኔ ደህና ሆኖ ማረስ የጀመረ ጎልማሳ ክኒኑን አቁሞ በሁለተኛው ወር ታስሮ ሲመጣ አይቻለሁ፤ አንድም ሁለትም አይደሉም። እንዲህ መሆን እንደሌለበት እንጦጦ ማርያም አሳይታናለች። የአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበሉ አገልጋዮች ተስማምተው ታማሚው እየተጠመቀ መድኃኒቱንም እንዲወስድ አድርገዋል፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት መልክ ታትሟል። በጾም ሰዓት ክኒን አልውጥም ለሚላችሁም መፍትሔ አለው። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቀን አንዴ፣ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ራሳችሁ ሰዓት አትቀይሩ እንጂ ለሚያክመው ባለሙያ «እየጾመ ነው፣ ጠዋት ይጠመቃል» ብላችሁ ንገሩ። አፈር አይገባበትም፤ ባለሙያ አይቆጣችሁም። የሚቆጣ ከሆነ ሌላውን ጠይቁ።

ልጅቷ «ታዲያ ባህል የሚለውን ልሰርዘው?» አለችኝ። አትሰርዢው፣ «ዋናው» የሚለውን ብቻ አውጪና መንገዱን፣ ገንዘቡን፣ የመድኃኒት መጥፋቱን አብረሽ ጻፊ አልኳት። አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪበት ብዬ የቡታጅራውን የአሥር ዓመት ክትትል ነገርኳት። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ተከታትለው በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ። ከሌላው ሰው ጋር ሲነጻጸር ዕድሜያቸው በ30 ዓመት ገደማ ያጠረ ነው። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ምን ይመስላችኋል? ተላላፊ በሽታ ነው።

ይኼ ለእኛ ለወላጆች ነው። ቤታችሁ ውስጥ አእምሮው የታመመ ሰው ካለ ሳሉን ቁጠሩለት። ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታው ይመርመር። ትኩሳቱን፣ ክብደቱን እዩ። «እሱ እኮ ሁሌም እንዲህ ነው» ተብሎ ሳል የቆየበት፣ ቁስል የሸተተበት ሰው ብዙ አለ፤ ራሱ «አመመኝ» ብሎ ላይናገር ይችላል። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ከገተረ፣ ለሃጩ ከበዛም መድኃኒቱ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል ክኒኑን ጉድጓድ ውስጥ ከመጣል ይዛችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ። መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል። አንገቱ የገተረው ግን በድንገት ከሆነ፣ ወይም መዋጥ ካቃተው፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት፤ ለዚህ ወዲያው የሚያፍታታ መርፌ አለ።